ዘበኛው የያዘው ቃል

ጅግጅጋ ውስጥ በዕድሜ የምትበልጠኝን ሴት በስሟ ብጠራ እናቴ ራሷ ትቆጣኝ ነበር። «ኤዶ» ነው የሚባለው፤ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችውን የቅርብ አለቃዬንም ለዓመታት የጠራኋት ኤዶ እያልኩ ነው። እሷ ደግሞ «ወላል» ትለኛለች፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። ሥራ አስኪያጁን ጨምሮ ሰውን ሁሉ «አንተ» ነበር የምትለው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ «እርስዎ» የሚለውን ግን አንድም ቀን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ከመሃል አገር የመጣ፣ ክብሩን የሚወድ ሰው ስለነበር ነገሩን እስከ መጨረሻው አልለመደውም።

የመሥሪያ ቤታችንን ስም ልተወው። የዕርዳታ እህልና ዘይት ተቀብሎ የሚያከፋፍል ነበር፤ ዋናው ቢሮ ጅግጅጋ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ ቶጎጫሌ፣ አውበሬና አይሻ። ኤዶና እኔ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊዎች ነበርን፤ እሷ ዋና፣ እኔ ምክትል። ከሥራችን ሁሉ ከባዱ አንድ በር የሚጠብቅ ሶፍትዌር ማስተዳደር ነው። ማንኛውም ኮምፒውተር ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ልገናኝ ሲል ይህ ሶፍትዌር ማንነቱን ይጠይቀዋል፤ የተመዘገበ ከሆነ ያስገባዋል፣ ካልሆነ ውጭ ያስቀረዋል። አዲስ ኮምፒውተር መዝግቦ ማስገባት የሚችለው የአድሚኑን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። አድሚኗ ኤዶ ነበረች፤ እኔ የነበረኝ የማየት ፈቃድ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ረጅም የፈረንጅ ስም ነበረው። እኛ ግን «ዘበኛው» እንለው ነበር።

ዘበኛውን የሸጡልን ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ሥልጠና ሰጥተው፣ የግመል ሥጋችንን በልተው፣ ሰርተፊኬት አድለውን ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ለኤዶ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። ይህን ቃል ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለባልሽም ቢሆን፣ የትም እንዳትጽፊው አሏት። እሷም እንደ አማና ተቀበለችው። አማና ማለት በእኛ አገር አደራ ነው፤ ክርስቲያኑም ነጋዴ ሙስሊሙም ነጋዴ በዚሁ ስሙ ነው የሚጠራው። አባቴ ጨርቅ ይሸጥበት በነበረው ተራ፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቶቹ ዕቃቸውን በሸራ ሸፍነው መስጊድ ይሄዳሉ እንጂ የሚቆልፍ የለም፤ ሸራውን የሚገልጥም የለም። ኤዶም ያን ቃል ስትጽፍ የጋርባሳሯን ጫፍ፣ ማለት ከላይ የምትደርበውን ነጠላ፣ ኪቦርዱ ላይ ጣል ታደርግበታለች። እኔም ሳልጠየቅ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ያለሱ የሆነው ነገር አይገባም። በእኛ በኩል ኔትወርክ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አንዳንዴ ለሳምንታት ይጠፋል። የቅርንጫፎቹ ዘበኞች ግን ከጅግጅጋው ዘበኛ ጋር አንድ ዓይነት መረጃ መያዝ ነበረባቸው፤ አለበለዚያ ጅግጅጋ ላይ የተመዘገበ ሠራተኛ ቶጎጫሌ ሲሄድ በር ይዘጋበታል። ስለዚህ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የዋናውን ዘበኛ ቅጂ በፍላሽ ገልብጠን፣ ፍላሹን በፖስታ አሽገን፣ ወደ ቶጎጫሌ ለሚከንፈው የጫት መኪና ሹፌር እንሰጣለን። የሰሌዳ ቁጥሩንና የሹፌሩን ስልክ ለቅርንጫፉ እንደውላለን፤ እነሱ መንገድ ዳር ቆመው ይቀበላሉ። ወደ አይሻ የሚሄደው ድሬዳዋ ላይ መኪና ይቀይራል። የጅግጅጋ ሰው መድኃኒትም፣ የሙሽራ ልብስም፣ የቤት ቁልፍም የሚልከው እንዲሁ ነው። ሹፌሮቹ አንድም ፍላሽ አላጠፉብንም። በመንገዱ እንተማመን ስለነበር ፍላሹ ውስጥ ያለው ምን እንደሚመስል ከፍቶ ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላየሁም፣ ኤዶም አላየችም።

ከኮሮናው በኋላ በነበረው ዓመት ለአውበሬ ስደተኞች የታዘዘ ዘይት ሳይደርስ ቀረ። ሲጣራ የማውጫ ትዕዛዙ ኮምፒውተር ላይ ተቀይሮ ዘይቱ ለሌላ ሰው ወጥቷል። ትዕዛዙን የቀየረው ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤቱ አልነበረም። ላፕቶፑ የገባው በቶጎጫሌው ኔትወርክ በኩል ስለነበር ማን አስገባው ተብሎ የዚያው ዘበኛ መዝገብ ታየ። ዘበኛውም ያስገባችው አድሚኗ ናት አለ። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ይሠራ ስለነበር አድሚን የሆነ ሰው ከየትም ሆኖ ሊያስገባው ይችል ነበር።

ጅግጅጋ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሽማግሌ ሳያየው ፖሊስ ጋ አይደርስም። ሥራ አስኪያጁ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አቋቋመ፤ የኤዶ ዘመዶችም ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው መጡ፤ ሁሉም በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ተቀመጡ። ጥያቄው አጭር ነበር። ቃሉን ለሰው ነግረሻል ወይ? ኤዶ ቁርዓኑ ላይ እጇን ጭና ለማንም እንዳልነገረች፣ የትም እንዳልጻፈች ማለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አመኗት። እውነቷን መሆኑ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ያኔ ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገና፣ መልካም፣ ለማንም ካልነገረች ቃሉን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም ማለት ነው፤ እንግዲያው ላፕቶፑን ያስገባችው ራሷ ናት አለ። መሐላዋ እሷኑ አሰራት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚወዳት ሰው ሁሉ እንድትዋሽ ይለምናት ጀመር። ነግሬያለሁ በይ፣ ለአንዱ ሠራተኛ ቸኩዬ ነግሬው ነበር በይ፤ ቸልተኝነት ነው፣ በማስጠንቀቂያ ታልፊያለሽ። አለበለዚያ ከሥራ ትባረሪያለሽ፣ ከዚያም ፖሊስ አለ፣ ከሁሉ በላይ ስምሽ አለ። ባሏ መምህር ነው፣ ረጋ ያለ ሰው፤ እሱም ለመናት። እኔም ለመንኳት። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ያልነገርኩትን ነገርኩ ልበል፣ ወላል? ለማን ነገርኩ ልበል? አንተን ልስጣቸው?»

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ ከተማው ግን መላውን ትቶ ወሬውን ብቻ ይጨምር ነበር። የስደተኛ ዘይት የበላች ሴት አሏት። ሰላምታዋን ሳይመልሱ የሚያልፏት ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዛሬም ሳገኛቸው ሰላም ለማለት ልቤ እሺ አይለኝም። የጅግጅጋው ዘበኛ ያለበት ማሽን በማሸጊያ ታሽጎ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ አዳራሹ ጥግ ተቀመጠ። እስከሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳቧን እንድትለውጥ ጊዜ ተሰጣት።

እኔን ደግሞ የቅርንጫፉን ማሽን ይዤ እንድመጣ ቶጎጫሌ ላኩኝ። ስደርስ የኮምፒውተር ሠራተኛው ድንበሩን ተሻግሮ ከሄደ ሰንብቷል፤ ስልኩም አይሠራም። በቦታው የተተካው ሰው የማሽኑን ገመዶች እየነቀለ ሳለ፣ መሳቢያው ውስጥ እኛ በየጊዜው የላክናቸውን ፍላሾች አየሁ። መሳቢያው ቁልፍ እንኳ የለውም። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሥራ ስላልነበረኝ አንዱን ፍላሽ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። የዘበኛው ቅጂ አንድ ፋይል ነው። ዘበኛው ራሱ ስለሚያነበው ሰው ይከፍተዋል ተብሎ አይታሰብም። ደብዳቤ በምንጽፍበት ተራ ፕሮግራም ከፈትኩት፤ ተከፈተ። ትርጉም የሌላቸው መስመሮች፣ ቁጥሮች፣ ምልክቶች። መሃል ላይ «አድሚን» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከሥሩ ደግሞ የአንዲት ሶማሊ ሴት ስምና ዓመተ ምሕረት።

የኤዶ የይለፍ ቃል መሆን አለበት፤ ግልጥልጥ ብሎ፣ ያለ ምንም ሽፋን፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ በሚያነበው መልክ ተቀምጧል። እሷ በጋርባሳሯ ስትሸፍነው፣ እኔ ፊቴን ሳዞር፣ ዘበኛው ግን ቃሉን ደረቱ ላይ ለጥፎ ኖሯል፤ እኛም እየገለበጥን በጫት መኪና ስንልከው ኖረናል። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ኤዶ ነፃ ወጣች ብዬ። ቀጥሎ የመጣው ንዴት ነበር። ለባልሽም አትንገሪ ብለው ያስጠነቀቋት ሰዎች የሠሩትን ሣጥን አንድ ቀን ከፍተው ቢያዩት ኖሮ ምን ነበረበት? ፍላሹን በፖስታ አሽጌ ያዝኩ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ለራሴ ስሳደብ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ በሐዘኔታ አየችኝ፤ ሰው የሞተብኝ ሳይመስላት አልቀረም።

ጅግጅጋ እንደገባሁ ኤዶን ቢሮው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ጠራኋት። የወተት ሻይ አዘዝን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳትና፣ ያየሁት ቃል የሷ መሆኑን እርግጠኛ ልሁን ብዬ ስሙን ልናገር አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

«አትጥራት» አለችኝ።

አልገባኝም። አትበለው ሳይሆን አትጥራት ነው ያለችው። ሻይዋን ሳትነካ ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ነገረችኝ። ዘበኛው ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። በነሱ ዘንድ በሰባተኛው ቀን ወንቀል አለ፤ በግ ይታረድና ስሙ በዘመድ ፊት ይጠራል። ልጅቷ ወንቀሏ ሳይደርስ ሞተች። ኤዶ ስም የመረጠችላት ገና በሆዷ ሳለች ነው፤ ለባሏ በወንቀሉ ቀን ልትነግረው አስባ ደብቃው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሴቶቹ መጥተው አላህ ይተካልሽ አሏት፤ ስሟን ማን ልትያት ነበር ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። ባሏም አልጠየቀም። እሷም ሳትጠየቅ መናገሩን አልቻለችበትም። ወደ ሥራ ስትመለስ እነዚያ ሰዎች ዘበኛውን ተክለው፣ አንቺ የማትረሺው፣ ሌላ ሰው ግን የማያውቀው ቃል ጻፊ አሏት።

«ከሷ ሌላ ምን ነበረኝ?» አለች። «ከዚያ ወዲህ ቢሮ በገባሁ ቁጥር እጠራታለሁ። በጣቴ።»

እኔ ማልቀስ የማይቀናኝ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ነገሩን በዝግ ለማስጨረስ ሞከርኩ። ኮሚቴው ውስጥ ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ለእሱ ብቻ ላሳየው አልኩ። እሱ ግን ፋይሉን አንተው ትናንት ጽፈኸው እንደሆነስ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር። ማስረጃ የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቶጎጫሌ መሳቢያ ውስጥ የቆየው ፍላሽ በሁሉም ፊት ተከፍቶ ቃሉ ይነበባል፤ ከዚያ በዚያው ቃል የታሸገው ማሽን ይከፈታል። ሽማግሌዎቹም በስውር የሚሰጥ ምስክርነት አናውቅም አሉ። ሰው በአደባባይ ከተከሰሰ በአደባባይ ነው የሚነጻው።

ይህን ለኤዶ የነገርኳት እኔ ነኝ። እምቢ ብትል እንደሚገባኝም ነገርኳት። ሌባ ተብሎ መኖር ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ ያቺን ስም ግድግዳ ላይ አውጥቶ ለኮሚቴ ማስነበብ ምን እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። አስቤ እነግርሃለሁ ብላ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዋ ጋ ስደርስ ወረቀት እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

«ለእናቷ ትመስክር» አለች።

በስብሰባው ቀን ፕሮጀክተሩን ራሴ ተከልኩ። ሽማግሌዎቹ በአንድ በኩል፣ ኮሚቴው በሌላ በኩል ተቀመጡ፤ ባሏ ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ ተቀምጧል። ለባሏ ስሙን እንዳልነገረችው አውቅ ነበር፤ ለምን እንዳልነገረችው ግን አልጠየቅኳትም። ፍላሹን ከታሸገበት ፖስታ አውጥቼ ለሁሉም አሳየሁ፣ ሰካሁት፣ ፋይሉን ከፈትኩት። መስመሩን ስፈልግ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄድኩ። በመጨረሻ መስመሩ ላይ ቆምኩ።

ከሽማግሌዎቹ ዋናው፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉት፣ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ግድግዳው ጎንበስ አሉ። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ለማንበብ የማንም እርዳታ አላስፈለጋቸውም። በቀስታ፣ ጮክ ብለው አነበቡት። ጥሩ ስም ነው፤ እሳቸው ሲያነቡት አዳራሹ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ይህች ልጅ ማን ናት?» አሉ። «ቃሉን የያዘችው እሷ ከሆነች ጥሯትና ትምጣ፤ እንጠይቃት።»

ሥራ አስኪያጁ እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለንም አለ። ሁሉም ወደ በሩ ማየት ጀመሩ፤ አንዲት ልጅ የምትገባ ይመስል። ኤዶ ከወንበሯ ተነሳች።

«አዴር፣ ልትመጣ አትችልም» አለቻቸው፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ልጄ ናት። ስሟ ሳይጠራ ነው የቀበርናት።»

ባሏ ግድግዳውን አየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ኤዶ ወደ ጥጉ ሄዳ የማሽኑን ማሸጊያ በጥፍሯ ቀደደችው፣ ማሽኑን አበራችው፤ ቃሉንም ጋርባሳሯን ጣል ሳታደርግበት፣ ሁሉም እያያት ጻፈች። ተከፈተላት። እኔም ፊቴን ሳላዞር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሽማግሌው በትራቸውን አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ የኮሚቴው ክርስቲያኖችም፣ እኔም፣ ሥራ አስኪያጁም ዘረጋን።

ኮሚቴው ኤዶ ነፃ ናት ብሎ ወሰነ። ድንበሩን የተሻገረው ሠራተኛ አልተመለሰም፤ ዘይቱም አልተገኘም። የአውበሬ ስደተኞች ያን ወር ያለ ዘይት አለፉት፣ እነሱን ይቅርታ የጠየቀ የለም። ዘበኛውን የሸጡልን ሰዎች ጋ ስደውል አንዱ በትሕትና አዳመጠኝና፣ ይህ ችግር እንኳ ይታወቃል፣ በአዲሱ ሥሪት ተስተካክሏል አለኝ። ይታወቃል ማለቱን ልረሳው አልቻልኩም። ሥራ አስኪያጁ ኤዶን ቢሮው ጠርቶ ይቅርታ እንደጠየቃት ሰምቻለሁ። ባሏ በዚያው ሳምንት ዓርብ በግ አረደ፤ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ልጅቷን በስሟ ሲጠራት ሰማሁት።

ቃሉ በሰው ሁሉ ፊት ስለተነበበ ግን በዚያው በስብሰባው ቀን ከሰዓት በኋላ በሁሉም ማሽኖች ላይ መቀየር ነበረበት። ደንቡ ይህ ነው፤ ደንቡን ለኮሚቴው ያስረዳሁትም እኔው ነኝ። ኤዶ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች። ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀችኝ።

«የማትወጂውን ነገር» አልኳት።

የሆነ ነገር ጻፈች። ፊቴን ወደ መስኮቱ ስላዞርኩ አላየሁትም።

ሰኞ ጠዋት ቀድሜያት ገብቼ ነበር። እንደ ወትሮዋ መጣች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ፊቷ ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ቀልሎ አላየሁትም። ከዘበኛው ፊት ተቀመጠችና በልማድ ጣቶቿ ራሳቸው የድሮውን ቃል ጻፉ። ማሽኑ ቃሉ ስህተት ነው፣ እንደገና ይሞክሩ አላት። ጣቶቿን ከኪቦርዱ ሳታነሳ ስክሪኑን እያየች ቆየች። ከዚያ ሌላውን ጻፈችና ሥራ ጀመርን።